ባሕር ዳር ውስጥ ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት ስለሚሰባሰቡ ቡድኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች አዲስ ከሚመጡ ሰዎች፣ ከሚስቶቻቸውና ከእናቶቻቸው፣ አንዳንዴም በር ላይ ደርሰው ሳይገቡ ከተመለሱ በኋላ በስልክ ከሚጠይቁ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። መልሶቹን የጻፍሁት በአንዱ ቡድን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጥሁ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ሰውነትንና መድኃኒትን የሚመለከተውን ሁሉ ከጤና ባለሙያ ጋር ይመካከሩበት።

ስብሰባው ምን ዓይነት ነው?

መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተገናኝተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ተራ በተራ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበትና የሌላውን የሚያዳምጡበት ነው። ሕክምናም፣ ስብከትም፣ ሽምግልናም አይደለም። አሠራሩ በአብዛኛው የተወሰደው በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከጀመሩት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ከሚባለው ማኅበር ነው። ሁለቱም መጠጥ ሥራቸውንና ቤታቸውን ያናጋባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከቤተሰብም ከሐኪምም ምክር ይልቅ ጠጪ ለጠጪ ሲያወራ ፍላጎቱ እንደሚበርድ የተገነዘቡት በራሳቸው ላይ ነው።

ሐሳቡ ከውጭ ይምጣ እንጂ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እቁብና እድር ያለው፣ በየወሩ ማኅበር የሚጠጣ ሰው ቀን ቆርጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ አንዱ የሌላውን ችግር ተካፍሎ መቀመጥን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጽዋ የሌለበት ማኅበር ነው ብለው ቢያስቡት ይቀልልዎታል።

በእርግጥ ይጠቅማል?

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን አካቶ እንዳሳየው፣ በባለሙያ እየታገዙ ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ቡድኖች እንዲገቡ የተደረጉ ሰዎች ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ርቀው በመቆየት ረገድ ሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎችን ከወሰዱት ሰዎች በአብዛኛው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ እየተመላለሰ ለሚቀመጥ ሰው የሚሠራ ነገር ነው። አንድ ቀን ብቻ መጥቶ «አየሁት፣ አልረዳኝም» ያለ ሰው አንድ ኪኒን ውጦ መድኃኒቱን ከሚያማርር በሽተኛ ብዙም አይለይም።

ባሕር ዳር ውስጥ ቡድን የት አገኛለሁ?

ቡድኖቹ ሰሌዳ ስለማይሰቅሉ የሚገኙት በሰው በኩል ነው። ከሁሉ የሚቀድመው በር የጤናው ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አላቸው፤ እዚያ የሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች ከመጠጥ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎችን በየጊዜው ስለሚያገኙ የትኛው ሰፈር ውስጥ ማን እንደሚሰበሰብ ቢጠየቁ የተሻለ ጥቆማ ይሰጣሉ። ካርድ ክፍል ተሰልፈው ሕዝብ እየሰማ «የመጠጥ ሱስ አለብኝ» ማለት አይጠበቅብዎትም፤ «አእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምገባው» ማለት ይበቃል፤ ሌላውን ውስጥ ይናገሩታል። ባለሙያው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውንና «ኦዲት» የሚባለውን የ10 ጥያቄ መጠይቅ ሊያቀርብልዎት ይችላል። ከ40 ነጥብ 8 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት አጠጣጡ ጎጂ መሆኑን የሚጠቁም ሲሆን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሱሱ ሥር ሰድዶ ሊሆን ስለሚችል ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። ባለሙያውን ለማስደሰት ብለው ቁጥር አይቀንሱ፤ የሚቀንስ ሰው ብዙ እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ።

በሰፈርዎ ያለ ጤና ጣቢያ፣ የንስሐ አባትዎ፣ የመስጊድዎ ኢማም፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆኑ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ሌሎቹ በሮች ናቸው። በቴሌግራም የሚሰበሰቡም አሉ፤ ማታ መውጣት በማያመችበት ጊዜ ይረዳሉ፤ ፊት ለፊት መቀመጥን ግን አይተኩም። ያገኙት ቡድን የመመዝገቢያ ገንዘብ ከጠየቀ፣ «በ7 ቀን እናድናለን» ካለ፣ ወይም የሌላ አባል ስም እየጠራ ታሪኩን ካጫወተዎት ሌላ ይፈልጉ።

ከመምጣቴ በፊት መጠጣት ማቆም አለብኝ?

ይህን መልስ ሳይዘልሉ እንዲያነቡ አደራ እላለሁ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥና ማርከሻ ካልቀመሱ ቀኑ የማይጀመርልዎት ከሆነ፣ በራስዎ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። ሰውነት ለዓመታት ከለመደው አልኮል በድንገት ሲለይ፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጥ ሕመም ሊነሣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው የት እንዳለ ይጠፋበታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ዘንድ ግን እነዚህን ቀናት በመድኃኒት ማሳለፍ ይቻላል፤ ምግብ ትቶ በመጠጥ ብቻ የኖረ ሰው የሚያጣው ቫይታሚን ቢ 1 አብሮ ይሰጣል። ማስታገሻ ኪኒን ከጓደኛ ተቀብሎ ቤት ውስጥ መዋጥ፣ በላዩም መጠጣት፣ ትንፋሽን ሊያስቆም የሚችል ድርጊት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ወደ ስብሰባው ግን ገና እየጠጣም ቢሆን መምጣት ይችላል። የምንጠይቀው ያን ቀን ሰክሮ እንዳይመጣ፣ ከመጣም ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ብቻ ነው። አንድ ሰው አጠገብዎ ከተንፈራገጠ ወይም ከቃዠ በጎኑ አስተኝተው አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ያድርሱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ጠበል ለመጠመቅ አስቤያለሁ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ?

ይሄዳሉ። ከእኛ መካከል ጠበል ቦታ ሰንብቶ የመጣ፣ አሁንም እየተጠመቀ የሚሰበሰብ አለ። ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን ባቋረጠ ማግስት ጠበል ቦታ ገብቶ፣ እህል ሳይቀምስ ውሎ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲንፈራገጥና ሲለፈልፍ፣ አጠገቡ ያሉ ሰዎች መንፈስ ነው ብለው እንዲቆይ ያደርጉታል። ከላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ቀኑ የሚገጣጠመው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አስቀድመው ታክመው፣ እነዚያን አራትና አምስት ቀናት ካሳለፉ በኋላ ቢገቡ ጠበሉም አይጓደልብዎት፣ ሕይወትዎም አደጋ ላይ አይወድቅ። በታቦት ምለው፣ ተስለው፣ ወይም ተገዝተው የነበሩና መሐላው የፈረሰባቸው ሰዎች ደግሞ ንስሐውን ከአባታቸው ጋር ይጨርሱ፤ እዚህ ስለ ፈረሰ መሐላ የሚቀጣ የለም። ሙስሊም አባላትም አሉን፤ የመግሪብ ሶላት እንዳያመልጣቸው ሰዓቱን የቀየርንበት ጊዜ አለ።

ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ጠብታ ሳልቀምስ እጾማለሁ። ታዲያ እንዴት ሱሰኛ እባላለሁ?

በከተማችን ከሚሰሙት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ እኔም ለዓመታት ተደግፌበታለሁ። ጾሙ ለረጅም ጊዜ መተው እንደሚችሉ አሳይቷል። የቀረው ጥያቄ የፋሲካ ዕለት ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው መነሣት ይችሉ እንደሆነ ነው። እኔ አልቻልሁም፤ ዳግማይ ትንሣኤ እስኪደርስ የጾሙን ዕዳ ስከፍል እሰነብት ነበር። ደግሞም ያስተውሉት፤ በጾሙ ወራት ብቻዎን አልነበሩም። የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ደንብና አብሮዎት የሚጾም ሕዝብ ነበረዎት፤ ማንም «አንድ ብቻ» ብሎ አልለመነዎትም። ቡድኑ ከጾሙ ውጪ ባሉት ወራት የሚሰጠው ነገር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

አረቄውን ትቼ ቢራ ብቻ ብጠጣ አይሻልም?

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ ደግሞ በ40 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 13 ግራም የሚጠጋ አልኮል አለው። አንድ ጠርሙስ ቢራና አንዲት መለኪያ አረቄ ለጉበት እኩል ናቸው ማለት ነው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ የባሰ አያስተማምንም፤ ሆኖም ከአረቄ ወደ ቢራ የተሻገረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀይረው ጠርሙሱን ብቻ ነው።

የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ሆናለች ይባላል፤ ለሚያፍር ሰው ግን ያው ትንሽ ናት። ከግሽ ዓባይ ባጃጅ ተሳፍረው ሽምብጥ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሊያዩዎት ይችላሉ የሚለውን አልክድም። ሆኖም ሲጠጡ ያላየዎት ሰው ካለ ይንገሩኝ። ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ እየተንገዳገዱ ሲወጡ ያየዎት ጎረቤት፣ ከአንድ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብለው ሲወጡ ቢያይዎት የሚጨምረው ኀፍረት ምንድን ነው?

ደንባችን ግልጽ ነው። ስም በመጀመሪያው ብቻ ይነገራል፤ የአባት ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ቀበሌ አይጠየቅም። ፎቶ አይነሣም። ውስጥ የተሰማ ነገር ለሚስትም ይሁን ለባልንጀራ ውጭ አይነገርም። ሁለት አባላት ሐይቁ ዳር ወይም ገበያ ውስጥ ቢገናኙ፣ ቀድሞ ሰላም ያላለውን «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» በሚያሰኝ ሁኔታ አይጠሩትም። ይህን ደንብ የጣሰ ሰው ስለ ገጠመን እንዲወጣ አድርገናል፤ እንደ ዋዛ የምናየው ጉዳይ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

አብዛኛው ሰው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይመርጣል፤ ቶሎ ለመውጣት ያመቻል። እሱን ሆን ብለን ለአዲስ ሰው እንተወዋለን። በሩን የሚከፍተው አባል ስምዎን ይጠይቅና ቦታ ያሳይዎታል። ቡና ይፈላል፤ ቆሎ አለ። ቡናውን የምትቀዳው እናት የአዲስ ሰውን ሲኒ ግማሽ ድረስ ብቻ ትሞላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሙሉ ሲኒ ሲያነሣ ቡናው ይፈስሳል፣ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል፣ ክፍሉም ሁሉ ይሰማል። ግማሽ ሲኒ ግን አይፈስስም። ይህን ያስተማራት የለም፤ እሷም በጊዜዋ ቡና ያፈሰሰች ሰው ናት።

ከዚያ አንዱ ይጀምራል፤ እስከ አምስት ደቂቃ ይናገራል። ሲናገር አይቋረጥም፣ ሲጨርስም አይመከርም፤ «እናመሰግናለን» ይባልና ቀጣዩ ይቀበላል። እርስዎ ተራው ሲደርስዎት «ዛሬ ላዳምጥ» ካሉ ያልፋል። አሥር ሳምንት ያዳመጠ፣ በአሥራ አንደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተ ሰው አለ።

ክፍያ አለው?

የለውም። ለቡና፣ ለስኳርና ለከሰል የሚሆን መዋጮ ያለው ያወጣል፤ የሌለው አያወጣም፤ ማን አወጣ ተብሎም አይጻፍም።

ዕድሜዬ 19 ነው። መምጣቴ በሕግ ያስጠይቀኛል?

አያስጠይቅዎትም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚከለክለው ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ነው። እርዳታ መፈለግ በየትኛውም ዕድሜ ወንጀል አይደለም።

ጠላና አረቄ ሸጬ ነው ልጆቼን የማሳድገው። እኔስ መምጣት እችላለሁ?

ይምጡ። ይህን የሚጠይቁት ሴቶች ናቸው፤ የሚጠይቁትም በሹክሹክታ ነው። ወንዱ ሲጠጣ ጠጪ ይባላል፤ ሴቷ ስትጠጣ የምትባለውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ደብቀው፣ ጓዳ ውስጥ የሚጠጡት። ነጋዴዋ ላይ ደግሞ የሥራው ጠባይ አለ፤ ጠላው ደርሶ እንደሆነ መቅመስ፣ አረቄው ከሸምበቆው ጫፍ ሲንጠባጠብ ጥንካሬውን ማየት፣ ደንበኛ «አብረሽኝ ካልጠጣሽ» ሲል እምቢ ማለት አለመቻል፣ እነዚህ ተደምረው ቀኑ ሳይመሽ ብዙ ብርጭቆ ይሆናሉ። ሥራዎን ትተው ይምጡ አንልም፤ ልጆች በምን ይበላሉ? ቅምሻውን ለሌላ ሰው ከመስጠት የጀመረች፣ ቆይታ ወደ እንጀራና ሻይ ሽያጭ የዞረች አባል አለችን፤ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ቀን ያለው ቡድን ካገኙ ይምረጡት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለሐኪም ሳይነግሩ አይቆዩ፤ በእርግዝና ጊዜ ጉዳት የለውም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም።

ሰርግ፣ ማኅበርና ሰንበቴ ላይ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መቅረት የሚቻለውን ይቅሩ፤ «አሞኝ ነበር» ማለት ውሸት አይሆንብዎትም። ለቅሶና ሰርግ ግን አይቀርም። ከመሄድዎ በፊት እህል ይብሉ፤ ቀድመው ደርሰው፣ ቀድመው ይውጡ፤ አስተናጋጁ ወይም የቤቱ ባለቤት ዘመድዎ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት። እጅዎ ባዶ አይሁን፤ ለስላሳ ወይም ውኃ የያዘ ሰው ብዙ አይለመንም። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለው መልስ በእኛ ዘንድ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል፤ ሰው መድኃኒት ያከብራል። «በሞቴ» ሲባሉ ደግሞ «በሞትህ አይሆንም፣ በሕይወትህ ተወኝ» ብሎ የሚመልስ አንድ ሽማግሌ አለን፤ እስካሁን ተጨቃጭቆት የረታው የለም።

ቅራሪ ጠላ ነው፤ ቀጭን መሆኑ አያታልልዎት። ብርዝ ትኩስ ሲሆን ችግር የለውም፤ ካደረ ግን መፍላት ስለሚጀምር መቼ እንደ ተበረዘ ሳይጠይቁ አይጠጡት።

የሚጠጣው ባለቤቴ ነው። ይዤው ልምጣ?

ጎትቶ ማምጣት አይሠራም፤ ተሞክሯል። እሱ ባይመጣም እርስዎ መምጣት ይችላሉ፤ የጠጪ ቤተሰቦች ብቻቸውን የሚቀመጡበት ሰዓት ያላቸው ቡድኖች አሉ። በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ቢኖር ሲሰክር አለመጨቃጨቅ፣ ዕዳውን ከመክፈልና ለአለቃው ምክንያት ከመፍጠር መታቀብ፣ ጠዋት አእምሮው ሲሰበሰብ የሆነውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መንገር ነው። የሚማታ ከሆነ ጉዳዩ ከመጠጥ በላይ ነውና አስቀድመው ራስዎንና ልጆችዎን ያሽሹ።

ቢያገረሽብኝስ?

በሚቀጥለው ስብሰባ ይምጡ። ያገረሸበት ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው በሩን እንደገና መክፈትን ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከወንበሮቻችን ግማሹ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። አንድ የሚያሰጋ ነገር ግን ይወቁ፤ ለሳምንታት ከመጠጥ የራቀ ሰውነት የቀድሞውን መጠን የመቋቋም ልማዱን ስለሚያጣ፣ ድሮ ምንም የማይልዎት መጠን አሁን ሊጥልዎት ይችላል። የመጠጥ ጉጉትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም ስላሉ፣ ደጋግሞ ካገረሸብዎት ሐኪምዎን ስለ እነሱ ይጠይቁ።

የምኖረው ዘጌ ነው፤ በአቅራቢያዬ ቡድን የለም። ምን ላድርግ?

ከዘጌ፣ ከሐሙሲት፣ ከመራዊ የሚመጡ ሰዎች በገበያ ቀን እግረ መንገዳቸውን ቢሰበሰቡ ይቀላቸዋል፤ ቡድኖች ሳይመሽ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ እንዲጀምሩ የምንወተውተው በእነሱ ምክንያት ነው። ካልሆነ ራስዎ ይጀምሩ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ የመጀመሪያዎቹም ሁለት ነበሩ። ጥቂት ሳምንታት የሌላ ቡድን ሥርዓት ካዩ በኋላ ጤና ጣቢያውን ወይም ሰበካ ጉባኤውን አንዲት ክፍል ይለምኑ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አይቀያይሩ፤ ቁልፉ የማይጠፋ ሰው እጅ ይሁን። ስለ ቡድኑ ለጤና ጣቢያው ነርስ ይንገሩ፤ ሰው የምትልክልዎት እሷ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ባይመጣ ሰዓቱ እስኪሞላ በሩን ከፍተው ይቀመጡ። ባለፈው ሳምንት ደጃፉ ላይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እንደገና ሲመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው።